የቃኘው ሻለቃን የስንቅ ሣጥን እየሠራሁ ነው፤ ጣሳውንና ጽሑፉን እንዴት ላድርገው?

ካርቶን ከአባዶ፦

ሰላም ለሁላችሁ።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ሥራዬ ለኬክ ቤቶች ካርቶን መሥራት ነው። ምድር ቤት በተከራየኋት አንዲት ክፍል እቆርጣለሁ፣ አጥፋለሁ፣ በኮላ አጣብቃለሁ። ከኮተቤ እስከ ለገጣፎ ደንበኞች አሉኝ። ካርቶን አውቃለሁ ብል ውሸት አይሆንብኝም። አሁን የያዝኩት ሥራ ግን ከበደኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፈራችን ያለው ትምህርት ቤት የታሪክ ክበብ አለው። ልጆቹ በመጪው ሚያዝያ የቃኘው ሻለቃን የኮሪያ ዘመቻ በትርዒት ሊያሳዩ እየተለማመዱ ነው። ከአዲስ አበባ መነሣቱን፣ ከጅቡቲ በመርከብ መጓዙን፣ ተራራውን፣ ምሽጉን፣ ሁሉንም። ጠመንጃው ከእንጨት ተሠርቷል። የጎደላቸው ስንቁ ነው። ባለፈው ልምምድ ላይ አንዱ ልጅ ምሽግ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሱቅ ብስኩት ሲበላ አየሁት። ማሸጊያው ከሩቅ ያብረቀርቃል። ልቤ አልወደደውም። «ስንቁን ለእኔ ተዉት» ብዬ ቃል ገባሁ። ሃያ አራት ሣጥን ያስፈልጋል።

ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳስበኝ ልንገራችሁ። አያቴ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበሩ። በ1943 ዓ.ም. ከመጀመሪያው ቃኘው ጋር ዘምተዋል። ስለ ውጊያው ብዙ አያወሩም ነበር። ስንጠይቃቸው «እሱን ተዉት» ይሉናል። ስለ ምግቡ ግን ከጀመሩ አያባሩም። በጣሳ የታሸገ ሥጋ ከባቄላ ጋር፣ ብስኩት፣ በውኃ የሚበጠበጥ ቡና፣ ስኳር፣ ማስቲካ። ማስቲካን በዕድሜያቸው መጀመሪያ ያዩት እዚያ ነው። የአሳማ ሥጋ ያለበትን ጣሳ አይነኩትም። ለአሜሪካኖቹ ይሰጡና በፍራፍሬ ጣሳ ይለውጡታል። በብርዱ ወራት ሥጋው ጣሳው ውስጥ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ሌሊቱን ብብታቸው ሥር ይዘውት ያድሩና ጠዋት ይከፍቱታል። «እኔ ነኝ ያሞቅኩት እንጂ እሱ አላሞቀኝም» ይሉ ነበር።

መክፈቻዋ አሁን እኔ ጋ ናት። ከአውራ ጣት የማትበልጥ፣ የምትታጠፍ ስለት ያላት ብረት ናት። ፒ-38 ትባላለች። እስኪያርፉ ድረስ ከቤት ቁልፋቸው ጋር አንጠልጥለዋት ኖሩ። ልጅ ሆኜ የቲማቲም ጣሳ በእሷ ሲከፍቱ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አይ ነበር። ጠርዙን ነከስ ያደርጉታል፣ ያዞሩታል፣ ደግሞ ነከስ። እጃቸውን ሳያዩ ነው የሚሠሩት።

እስካሁን የሄድኩበትን ልንገራችሁ። ኢንተርኔት ላይ ፎቶ ፈለግሁ። የቁርስ፣ የምሳና የእራት የሚል ሦስት ዓይነት ሣጥን አገኘሁ። የቁርሱ ቡናማ፣ የምሳው ሰማያዊ፣ የእራቱ አረንጓዴ ንድፍ አለው። ያምራል። የውስጡ ሣጥን እርጥበት እንዳያስገባ በሰም የተነከረ ነው ይላል። ሰም ደግሞ አገራችን ሞልቷል ብዬ ከሾላ ገበያ አንድ ኪሎ የንብ ሰም ገዛሁ።

ትልቅ ድስት ውስጥ ውኃ ጣድኩ። ውኃው ላይ ትንሽ ድስት፣ ትንሹ ድስት ውስጥ ሰሙን። (እባካችሁ ሰምን በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱ። ሳይታሰብ ይቀጣጠላል። ከተቀጣጠለም ውኃ አይደፋበትም። ክዳን ገጥሞ እሳቱን ማጥፋት ነው።) ሣጥኑን ነክሬ አወጣሁ። ካርቶኑ ቢጫ ሆነ። ቤቱ በሙሉ ጧፍ ጧፍ ሸተተ። ከሁሉ የከፋው ግን ከሰዓት ፀሐይ ሲበረታ የመጣው ነው። በረንዳ ላይ የደረደርኳቸው አሥራ ሁለት ሣጥኖች እርስ በርስ ተጣበቁ። ስለያያቸው ወረቀቱ አብሮ ተገነጠለ።

በማግሥቱ ነጭ ሻማ አቅልጬ ሞከርኩ። ሻማው ካርቶኑን አያቀልመውም፣ አይጣበቅምም። ሲታጠፍ ግን ይሰነጠቃል። ሁለቱን ቀላቀልኳቸው። አራት እጅ ሻማ፣ አንድ እጅ የንብ ሰም። ይኼኛው ተስማማኝ። ሁለት ሴኮንድ ያህል ብቻ ነክሬ በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ እሰቅለዋለሁ። የአባዶ ነፋስ ለዚህ ጥሩ ነው፣ ቶሎ ያደርቅልኛል።

ሌላም አድርጌያለሁ። ከመንከሬ በፊት ካርቶኑን በወፍራም ሻይ ቀብቼ አደረቅሁት። ጥግ ጥጉን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት። እህቴ አይታ «ከመሬት ውስጥ የወጣ ይመስላል» አለችኝ። ደስ አለኝ።

አሁን የቸገረኝ ጣሳው ነው። ከየት አገኛለሁ? ምን ቀለም ልቀባው? ሁለተኛው ጽሑፉ ነው። በኮምፒውተር ጽፌ ፕሪንት ሳደርገው አንድ ነገር ይጎረብጠኛል። ምኑ እንደሆነ ግን አላወቅሁትም። ሦስተኛ፣ ማስረጀቱ ይበቃል ወይስ ልጨምርበት? የምታውቁ ንገሩኝ።

ብረት ቤት ቃሊቲ፦

እህት፣ አያትሽን ነፍስ ይማር። እኔ ቃሊቲ አካባቢ ብረታ ብረት ቤት ነው የምሠራው። ስለ ጣሳው የማውቀውን ልንገርሽ።

ሲ ራሽን የሚባለው የአሜሪካ ጦር ስንቅ ጣሳው ስፋቱ 7 ሴንቲ ተኩል ገደማ፣ ቁመቱ 11 ሴንቲ ገደማ ነው። ባለ 400 ግራም የቲማቲም ጣሳን ለክተሽ እዪው። ቁመቱ ልክ ነው። ስፋቱ በጥቂት ሚሊ ቢያንስ ነው። መድረክ ላይ ማንም አይለየውም። ስለዚህ ግዢ ውስጥ አትግቢ። ለሰፈርሽ ቆራሌው ንገሪው፣ በሳምንት ውስጥ ከበቂ በላይ ያመጣልሻል። ካልሆነ ምናለሽ ተራ ሂጂ።

ዋናው ችግር የዛሬ ጣሳ ክዳኑ ላይ የሚጎተት ቀለበት አለው። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ግን አትጣዪው። በቀለበቱ ክፈችውና ባዶ አድርጊው፣ ከዚያ ገልብጪው። ያልተነካው ቂጡ ክዳን ሆነ ማለት ነው። የተከፈተውን ከሥር ክብ ቆርቆሮ ቆርጠሽ በኤፖክሲ ግጠሚው። ከመያዝሽ በፊት ግን የጣሳውን ጠርዝ በሞረድ አለስልሺው። ልጆች ናቸው የሚይዙት፣ ቆርቆሮ ክፉኛ ይቆርጣል።

ሁለተኛ ችግር፣ የዛሬው ጣሳ ወገቡ ላይ ዙሪያውን ሽንትር አለው። የድሮው ልሙጥ ነው። ልሙጥ ካገኘሽ እሰየው። ካላገኘሽ መኪና ገላ የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበትን ስቱኮ ገዝተሽ ሽንትሩን ሙዪው። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክዪው።

ቀለሙን በተመለከተ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ላይ ጣሳው ወርቅማ ነበር። ያብለጨልጫል፣ ጠላት ያያል። በኋላ ነው በወታደር አረንጓዴ መቀባት የጀመረው። አንቺ አረንጓዴውን ያዢ። ግን ቀለም ቤት ገብተሽ «አረንጓዴ» ካልሽ የበር አረንጓዴ ይሰጡሻል። ቢጫና ጥቁር ግዢ። ያ የአፈር ቢጫ የሚባለው ከሆነ ይበልጥ ይመረጣል። ቢጫው ላይ ጥቁሩን ጠብ ጠብ እያደረግሽ በጥብጪ። ዓይንሽ እያየ ወደ ወይራ ቅጠል ይሄዳል። የማያብረቀርቅ ቀለም ይሁን። ከሥሩ መጀመሪያ አንቲረስት አስቀቢው፣ አለዚያ በሁለተኛው ልምምድ ይላጣል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ባዶ ጣሳ አትስጪያቸው። የዚያን ጊዜ ጣሳ 12 አውንስ፣ ማለትም 340 ግራም ያህል ምግብ ይይዛል። ከመግጠምሽ በፊት አሸዋ መዝነሽ ክተቺበት። ልጁ ኪሱ ሲከተው ኪሱ መውረድ አለበት። ሦስት ጣሳ ይዞ ዳገት ሲወጣ ደግሞ አረማመዱ ራሱ ይለወጣል። አታዪውም?

ካርቶን ከአባዶ፦

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ገልብጪው ያልከው ነገር ብቻውን ሦስት ቀን አተረፈልኝ። ቆራሌው ዛሬ ጠዋት ሲጮህ ወርጄ አናግሬዋለሁ። «ጣሳ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። ነገርኩት። የእሱም የአባቱ ወንድም ኮሪያ ዘምተው እንደነበር ነገረኝ። ደረጃው ላይ ቆመን ብዙ አወራን።

ማተሚያ ፒያሳ፦

የጎረበጠሽ ፊደሉ ነው። ፎቶ ሳላይ ልንገርሽ፣ በኮምፒውተሩ የተለመደ ፊደል ነው የጻፍሽው፣ አይደል? ኤሪያል ከሆነ በ1982 የወጣ ነው (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሰው ሁሉ የሚወደው ሄልቬቲካ ራሱ 1957 ነው። ቃኘው ኮሪያ የነበረው ከ1951 ጀምሮ ነው። ወታደሩ ገና ያልተሠራ ፊደል ያነባል ማለት ነው። ዓይን ምክንያቱን ባያውቀውም ይቀፈዋል።

ለዚያ ዘመን የሚሆኑ ፊደላት አሉ። ፍራንክሊን ጎቲክ ከ1902 ጀምሮ ነበረ። ፉቱራ 1927 ነው። ሁለቱም ኮምፒውተር ላይ ይገኛሉ። ግን በኮምፒውተር ፕሪንተር አታትሚው። ሌዘር ፕሪንተር ቀለሙን ወረቀቱ ላይ ይለጥፈዋል እንጂ አያሰርገውም፣ ሲታጠፍም ይፈረፈራል። አንቺ ደግሞ ካርቶን አጥፈሽ ነው የምትኖሪው፣ ይህን ታውቂዋለሽ።

እኔ ብሆን ክሊሼ አሠራለሁ። ከጎማ የተቀረጸ፣ ማህተም እንደሚባለው ያለ። አባቴ በእርሳስ ፊደል የሠራ ሰው ነው፣ ከእሱ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። በእጅ የተመታ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይወጣም። አንዱ ጠቆር ይላል፣ አንዱ ጥግ ላይ ይሳሳል። ሃያ አራት ሣጥን ሲደረደር ያ ነው እውነት የሚያስመስለው። ጥቁር ቀለም፣ ያልተቀባ ቡናማ ካርቶን፣ ትንሽ የደረቀ ስፖንጅ። ይኸው ነው።

ደግሞ የማይጻፈውንም ልንገርሽ። ብዙዎች እዚያ ላይ ነው የሚሳሳቱት። ባርኮድ የለም፣ ሱቅ ውስጥ የገባው 1974 ነው። የአሜሪካ አድራሻ ከጻፍሽ ባለ አምስት አሃዙን የፖስታ ቁጥር ተይው፣ የመጣው 1963 ነው። የሲጋራ ፓኬት ከሠራሽ የጤና ማስጠንቀቂያ አይጻፍበትም፣ እሱ ከ1966 ጀምሮ ነው። «እስከዚህ ቀን ይጠቀሙ» የሚለውን የዛሬ ሱቅ ጽሑፍም ተጠንቀቂ። እጅሽ ለምዶት ሳታስቢው እንዳታስገቢው።

ክሊሼውን ልቀርጽልሽ እችላለሁ። ጽሑፉን ብቻ አስተካክለሽ ላኪልኝ። የእጅ ዋጋ አልቀበልም፣ ጎማውን አንቺ ትችያለሽ።

ጡረተኛ መምህር፦

ልጄ፣ ሥራሽን በጉጉት አነበብኩት። ሠላሳ አምስት ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ። ከመቀጠልሽ በፊት ግን አንድ ነገር መናገር አለብኝ፣ እንዳይከፋሽ።

ያገኘሽው ባለ ሦስት ቀለም ሣጥን ኬ ራሽን ይባላል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። የአሜሪካ ጦር በ1948 እ.ኤ.አ. ከአገልግሎት አስወጥቶታል። አያትሽ ኮሪያ የደረሱት ደግሞ በ1951 ነው። አያትሽ ራሳቸው የነገሩሽን ተመልከቺው። ጣሳ አሉሽ። ሥጋ በጣሳ፣ ፍራፍሬ በጣሳ፣ ጣሳ መክፈቻ። እሱ ሲ ራሽን ነው። በሰም የተነከረውን የቁርስ ሣጥን አንድም ጊዜ አልጠቀሱም። ፎቶው ሳይሆን እሳቸው ናቸው ልክ።

በሌላ በኩልም እንዳትስቺ። ኢንተርኔት ላይ «ሲ ራሽን» ተብለው ከሚለጠፉት ፎቶዎች ብዙዎቹ ከ1958 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣውን ስንቅ የሚያሳዩ ናቸው። ስሙም ተቀይሯል፣ ቬትናም የዘመቱት የአሜሪካ ወታደሮች የበሉት ነው። ሰዎች ግን በልማድ ያንኑ የድሮውን ስም ይጠሩታል። ፎቶ ስታዪ ሣጥኑ ላይ ያለውን ዓመት ፈልጊ። የኮሪያ ጦርነት በተኩስ አቁም የቆመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የታተመ ነገር ምሽጉ ውስጥ አይገባም።

አሁን ስለ ማስረጀቱ። እዚህ ላይ አጥብቄ ነው የምለምንሽ። ሻይውን ተዪው። ብርጭቆ ወረቀቱን ተዪው። የሰባ ዓመት ዕቃ ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ስታዪው ደብዝዟል፣ ጥጉ ተልጧል። ያን ጠዋት ግን ከጭነት መኪና ወርዶ ለአያትሽ ሲሰጣቸው አዲስ ነበር። ካርቶኑ ጠንካራ፣ ጽሑፉ ጥቁር። ምናልባት ገና ቀለም ቀለም ይሸት ነበር። ልጆቹ የሚያሳዩት ያን ጠዋት ነው። ያረጀ ሣጥን ከሰጠሻቸው የሚያሳዩት ሙዚየሙን ነው። መቆሸሽ ካለበት ራሳቸው ያቆሽሹት። ጭቃ ላይ ይቀመጡበት፣ በእጃቸው ይቅደዱት። ያ ቆሻሻ የእነሱ ነው።

ሌላው፣ ሣጥኑ ውስጥ ከግርጌው «ቅጂ» ብለሽ የተሠራበትን ዓመት ጻፊ። ጣሳውም ላይ ከሥሩ እንዲሁ። ሥራሽ ጥሩ ከሆነ፣ እንደማየው ጥሩ ነው የሚሆነው፣ አንድ ቀን አንዱ ጥንታዊ ዕቃ ብሎ ለአንዱ ይሸጠዋል። የዘማቾቹ ቤተሰቦች ዛሬም አሉ። በእነሱ ስም የሐሰት ዕቃ መዞር የለበትም።

ሲጋራው በእርግጥ ነበር፣ ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ ይመጣል። ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ግን እጁ ላይ አላስቀምጥም። በዝርዝሩ ላይ ስሙ ይጻፍ፣ ፓኬቱ ይቅር። የሽንት ቤት ወረቀቱን፣ ክብሪቱን፣ ማስቲካውን አድርጊ።

አንድ ሐሳብ ልጨምር። ቃኘው የሚለው ስም ከየት እንደመጣ ልጆቹ ያውቃሉ? አባ ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። ራስ መኮንን አድዋ የዘመቱ ናቸው። እንግዲህ ከዚህኛው ስንቅ ጎን ያኛውን ስንቅ አስቀምጪው። በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ የሄደው ሰው ስንቁን በምን ያዘ? በስልቻ። ከፍየል ቆዳ ሳይተረተር ተገፎ የተሰፋ። ውስጡ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ። በሶ እሳት አይፈልግም፣ በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል። ስለዚህ ጭስ የለውም፣ ጠላት አያይህም። ጭኮ ደግሞ በቅቤ የታሸ ስለሆነ ለወራት አይበላሽም። የአሜሪካኑ ፋብሪካ በጣሳና በቡና ዱቄት የፈታውን እንቆቅልሽ እናቶቻችን በገብስና በቆዳ ፈትተውት ነበር። አያትሽ ያን ጣሳ ሲከፍቱ አፋቸው የሚያውቀው ጣዕም የትኛው ነበር? ልጆቹ ይህን ቢጠይቁ ደስ ይለኛል።

ካርቶን ከአባዶ፦

መምህር፣ መልስዎን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር ከፍቶኝ ነበር። ሃያ አራቱም ሣጥኖች ተነክረው ገመድ ላይ ነበሩ። ግን ደጋግሜ ሳነበው «ፎቶው ሳይሆን እሳቸው ናቸው ልክ» ያሉት ነገር አልለቅ አለኝ። እውነት ነው። አባባ ስለ ሰም አንድ ቀን አላወሩም። ስለ ጣሳ ግን ስንት ጊዜ። ጆሮዬ ላይ እያለ ኢንተርኔት ላይ ሄድኩ።

ሰሞቹን ሣጥኖች አልጣልኳቸውም፣ በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጫቸዋለሁ። አንድ ቀን የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የሚያሳይ ክበብ ከመጣ የእሱ ናቸው።

አዲሱን ባለፈው ቅዳሜ ጨረስኩ። ያልተቀባ ቡናማ ክራፍት ነው የተጠቀምኩት። ለኬክ ከምሠራበት ወፈር ያለ ነው። ማጠፊያውን መጀመሪያ በደነዘ ቢላዋ አሰመርኩት፣ አለዚያ ጥጉ ላይ ይፈነዳል። የማተሚያ ፒያሳው ወንድሜ ክሊሼውን በታክሲ ረዳት ልኮልኝ መገናኛ ሄጄ ተቀበልኩ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ቀለም በዝቶባቸው ተጨማለቁ። ስፖንጁን ጨምቄ ስሞክር አምስተኛው ላይ ተስተካከለ። እንዳለውም ሃያ አራቱን ስደረድራቸው አንዱ ከአንዱ ትንሽ ትንሽ ይለያል። በጣም ደስ ይላል። ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ ስመለከታቸው ዝም ብዬ ብዙ ቆየሁ።

ጣሳዎቹ እንደተባልኩት ናቸው። ቢጫና ጥቁር ስበጠብጥ መጀመሪያ ሰናፍጭ መሰለኝና ተስፋ ቆረጥኩ። ሌላ ሁለት ማንኪያ ጥቁር ስጨምርበት በአንዴ ተለወጠ። አሸዋ መዝኜ ሞልቼያቸዋለሁ። ሃያ አንዱን ብቻ። ሦስቱን ባዶ ያልሆኑ፣ ያልተከፈቱ እውነተኛ የምግብ ጣሳዎች አድርጌያቸዋለሁ። ባቄላ ናቸው። ቀለም አልቀባኋቸውም፣ አረንጓዴ ወረቀት ብቻ ጠቀለልኩባቸው፣ ምክንያቱም ይበላሉ። ለምን መሰላችሁ? አንዱ ትዕይንት ላይ ልጁ ጣሳ ይከፍታል። በአባባ መክፈቻ።

እሁድ አስተማርኩት። መጀመሪያ ጠርዙን ያስትታል፣ ጣቱ ይንሸራተታል። ጓንት አድርጌለት ነበር፣ «እሳቸው ጓንት ነበራቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት፣ አንተ ግን አታወልቅም አልኩት። በሦስተኛው ጣሳ ላይ ገባው። ነከስ፣ ዞር። ነከስ፣ ዞር። ያን ድምፅ ሃያ ዓመት አልሰማሁትም ነበር። እናቴ ከጓዳ ወጥታ በር ላይ ቆመች። ምንም አላለችም። ልጁ ከፍቶ ሲጨርስ ግን መክፈቻዋን ተቀበለችው፣ በቀሚሷ ጠራርጋ መለሰችለት።

ሣጥኑንም አሳየኋት። ገልብጣ ከውስጥ «ቅጂ» የሚለውን አነበበች። ጥሩ አድርገሻል አለችኝ።

የስልቻውን ሐሳብ ልጆቹ በጣም ወደዱት። በሶውን የአንዷ ልጅ እናት ታዘጋጃለች፣ ዳቦ ቆሎው የእኔ ነው። ስልቻ ግን የለንም። ጌጥ ተደርጎ በፋብሪካ ቆዳ የተሰፋውን አልፈልግም። እንደድሮው ሳይተረተር የተገፈፈውን ነው የምፈልገው። የት አገኛለሁ?

ብረት ቤት ቃሊቲ፦

የሰንዳፋ ገበያ ሞክሪ። ላንቺ ከእኔ ይልቅ ይቀርብሻል። እህል ተራ አካባቢ ሽማግሌዎቹን ጠይቂ፣ ወጣቱ አያውቀውም። አሮጌ ካገኘሽ ውስጡን አሽትቺው፣ ዘይት ወይም ጋዝ የነበረበት ከሆነ በሶ አትክተቺበት።

ጡረተኛ መምህር፦

እኔ ጋ አንድ አለ፣ ልጄ። የእናቴ ነው። አፉ ላይ ያለው ጠፍር ተበጥሷል እንጂ ቆዳው ደህና ነው። በውሰት እሰጥሻለሁ። የማድረው ካራ ነው፣ ከአባዶ ሩቅ አይደለም። ግን በሶውን በላስቲክ አድርገሽ ነው የምትከቺበት።

ካርቶን ከአባዶ፦

መምህር፣ ሐሙስ ከሰዓት ልምጣ? ጠፍሩን እኔ አስጠግነዋለሁ። አንድ ሣጥንም ይዤልዎት እመጣለሁ።